ባዶ ሃይላንድ ከደሴ ወደ ሚሌ ሲወርድ ለምን ይጨማደዳል?

ጠያቂ (ከጦሳ ግርጌ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ከደሴ ወደ ሚሌ በመኪና ስንጓዝ ያየሁትን አንድ ነገር የሚያውቅ ሰው ቢያብራራልኝ ደስ ይለኛል። ደሴ ላይ ውሃውን ጠጥቼ የጨረስኩትን የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ክዳኑን አጥብቄ ዘግቼ ወንበር ሥር አስቀመጥኩት። የሀረጎን ጠመዝማዛ ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ጎኑ በጥቂቱ ገባ ብሎ ነበር፤ ባቲን አልፈን ሚሌ ስንገባ ግን ሰው በእጁ የጨመቀው ይመስል ተጨማዶ አገኘሁት። በትምህርት ቤት የተማርነው ጋዝ ሲሞቅ ይስፋፋል የሚል ነው፤ ሚሌ ደግሞ ከደሴ ጋር የማይወዳደር ሞቃት አገር ነው። ታዲያ ሃይላንዱ መወጠር ሲገባው ስለ ምን ተጨማደደ? ከጎኑ የነበረው፣ ያልተከፈተውና ውሃ የሞላውስ እንዴት ምንም ሳይሆን ቀረ?

መልስ 1 (የፊዚክስ መምህር፣ ኮምቦልቻ)፦
ጥያቄዎ ብዙ ተማሪዎች የሚሰናከሉበትን ቦታ የነካ ነው። ጋዝ ሲሞቅ ይስፋፋል የሚለው እውነት የሚሆነው ግፊቱ ባለበት ሲጸና ብቻ ነው፤ በእርስዎ ጉዞ ግን ሙቀቱም ግፊቱም አብረው ጨምረዋል፤ አንዱ የጋዙን ይዘት ሊያሰፋ፣ ሌላው ሊያጠብ ይሠራሉ። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን የትኛው እንደሚያይል ነው።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ወደ 75 ኪሎፓስካል ነው፤ በ500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሚሌ ደግሞ ወደ 95 ይደርሳል። ይህ ከሩብ በላይ ጭማሪ ነው። የሙቀቱን ነገር ስንመለከት፣ ደሴ ላይ 15፣ ሚሌ ላይ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር ብንል ከእጥፍ በላይ የጨመረ ይመስላል፤ የሚያሳስተውም ይኸው ነው። የጋዝ ሕጎች የሚሠሩት በኬልቪን፣ ማለትም በሴልሺየሱ ላይ 273 በሚደመርበት መለኪያ፣ ስለሆነ ለውጡ ከ288 ወደ 308 ብቻ ነው፤ 7 በመቶ ገደማ ማለት ነው። የቦይልን ሕግ (ግፊት ሲጨምር የጋዝ ይዘት ይጠባል) እና የቻርልስን ሕግ (ሙቀት ሲጨምር ይሰፋል) አንድ ላይ ብናሰላው 500 ሚሊ ሊትር የነበረው አየር ወደ 420 ይወርዳል፤ የጎደለው 80 ሚሊ ሊትር ነው ሃይላንዱን ያጨማደደው።

አየሩ ከውስጥ ሆኖ ፕላስቲኩን ወደ ውስጥ እንደማይስብም ልብ ይበሉ። የውስጡም የውጩም ሞለኪውሎች ግድግዳውን ሳያቋርጡ ይመቱታል፤ ደሴ ላይ ሲዘጉት የሁለቱ ምት እኩል ነበር፤ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር የውጩ እየበረታ ስለሄደ ከውጭ ገፋው። ፍሎረን ፔሪዬ የተባለው የሳይንቲስቱ የፓስካል አማች በ1648 ፈረንሳይ ውስጥ ፑይ ደ ዶም ተራራ ላይ የሜርኩሪ ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያ) ይዞ ወጥቶ ያሳየው ይህንኑ ነበር፤ አናቱ ላይ ሲደርስ የሜርኩሪው ዓምድ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። እኔም የሀረጎን መንገድ ለተማሪዎቼ ከማንኛውም ቤተ ሙከራ አስበልጬ የምወደው ለዚህ ነው።

መልስ 2 (ሐይቅ ዳር)፦
ውሃ ስለ ሞላው ሃይላንድ ልጨምር። በጋዝ ውስጥ ሞለኪውሎቹ ተራርቀው የሚበሩ በመሆናቸው በመካከላቸው ያለው ባዶ ቦታ እጅግ ሰፊ ነው፤ ፈሳሽ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ ፈልቶ ሙሉ በሙሉ እንፋሎት ሲሆን ይዘቱ ከ1,600 እጥፍ በላይ የሚጨምረው ስለዚህ ነው። በፈሳሽ ውስጥ ግን ሞለኪውሎቹ እየተንሸራተቱ ቦታ ቢለዋወጡም ተነካክተው ነው የሚኖሩት፤ የሚጨመቅ ክፍተት የላቸውም ማለት ይቻላል። ውሃን በአንድ ሙሉ የከባቢ አየር ግፊት ተጨማሪ ብንጫነው የሚቀንሰው ከ20,000 አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። ከደሴ እስከ ሚሌ የጨመረው ግፊት የዚያ አንድ አምስተኛ በመሆኑ፣ ግማሽ ሊትሩ ላይ ያመጣው ለውጥ ከአንዲት ጠብታ እጅግ ያነሰ ነው። ከክዳኑ ሥር የምትቀረው ጥቂት አየር ተጨምቃ ይሆናል፤ እሷ ግን በዓይን የሚታይ ነገር አታደርግም።

መልስ 3 (የኬሚስትሪ ተማሪ፣ ደሴ)፦
የመምህሩ ስሌት ለደረቅ አየር ትክክል ነው። ነገር ግን ውሃ ተጠጥቶበት ወዲያው የተዘጋ ሃይላንድ ውስጥ ጠብታዎች መቅረታቸው አይቀርም፤ ጠብታዎቹም ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ይተናሉ። የውሃ ተን የሚያሳድረው ግፊት በ15 ዲግሪ 1.7 ኪሎፓስካል ሲሆን በ35 ዲግሪ 5.6 ይደርሳል፤ ይህ ከውስጥ ስለሚያግዝ የሚጎድለው ይዘት ከ80 ወደ 65 ሚሊ ሊትር ገደማ ዝቅ ይላል። ከዚህም ሌላ ሃይላንዱ ወንበር ሥር በጥላ መቀመጡ ውጤቱን በግልጽ እንዲያዩት ረድቷል፤ መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ አየሩ ከአካባቢው ይበልጥ ስለሚሞቅ መጨማደዱ ይቀንስ ነበር።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንግዲያው ሚሌ ላይ ባዶውን ዘግቼ ወደ ደሴ ባመጣው ይወጠራል ማለት ነው?

መልስ 4 (የጭነት መኪና ሹፌር)፦
አዎን፣ ይወጠራል፤ እኛ በዚያ መንገድ ሁልጊዜ የምናየው ነው። ቆላ ላይ በደንብ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ደሴ ሲደርስ ጎኑ ይነፋል፤ ክዳኑ ሲላላም አየሩ በድምፅ ይወጣል። በውስጡ ቤንዚን የነበረ ከሆነ ግን ነገሩ ከሃይላንድ የከፋ ነው፤ የሚወጣው አየር ብቻ ሳይሆን እሳት የሚይዝ ተን ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ጀሪካን ከቤት ውጭ፣ ከምድጃም ከሲጋራም ርቃችሁ፣ ክዳኑን በአንድ ጊዜ ሳትነቅሉ ቀስ እያላችሁ ክፈቱት።