የቆመ መኪና ይነሳ ወይስ ባለቤቱን ይጠብቅ?

የደሴ እናት፦ ሰፈራችን መግቢያ ላይ አንድ ሚኒባስ በአራት ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጎማ የለው፣ ሞተር የለው። ትናንት ልጄን ትምህርት ቤት ሳደርስ እሱን ለማለፍ አስፓልቱ ላይ ወጣን፤ ቁልቁለቱን የሚወርድ አይሱዙ ለጥቂት ሳተን። የደሴን መንገድ ታውቁታላችሁ፣ መሸሻ የለውም። እኔ የምለው፣ ማዘጋጃ ቤቱ ማስጠንቀቂያ ይለጥፍበት፣ 30 ቀን ይስጥ፣ ከዚያ በክሬን ያንሳው። ምን ትላላችሁ?

መካኒኩ፦ 30 ቀን ግፍ ነው እህቴ። በ2012 የኤክሳይዝ ታክስ አዋጁ ሲወጣ ከ7 ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ለማስገባት እስከ 500 በመቶ ታክስ ይጠየቅ ጀመር። ሰው ያለውን አሮጌ እየጠገነ ነው የሚነዳው። ባለፈው ለአንድ የሐይቅ ሹፌር ካምቢዮ ያገኘሁት እንዲህ ከቆመ መኪና ላይ ነው። በኪሎ ተሽጦ ከቀለጠ በኋላ ከየት ይመጣል?

ከኮምቦልቻ፦ ካምቢዮውን ፍታና ግቢህ አስገባው፣ ማን ከለከለህ? የእኛ ጣጣ ጎማው ነው። ኮምቦልቻ ወባ ታውቃለች። ዝናብ ካባራ በኋላ አንዱ የተጣለ ጎማ ውስጥ በስልክ መብራት አየሁ፤ የትንኝ እጭ ይርመሰመሳል። በ2016 እ.ኤ.አ. በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ላይ የተገኘችው አዲሷ የወባ ትንኝ ደግሞ ከተማ ውስጥ በርሜልና ጎማ ውስጥ በተኛ ውኃ ትራባለች። ባቲም ላይ ተገኝታለች። ባቲ ደግሞ ጎረቤታችን ናት።

ባለ ሚኒባሱ፦ ሁላችሁም ባለቤቱን ቸልተኛ አደረጋችሁት። አንዱ ባለቤት እኔ ነኝ። ጥቅምት 2014 በጦርነቱ ደሴ ስትያዝ ቤተሰቤን ይዤ በእግር ወጣሁ። ስመለስ መኪናዬ ተቃጥሎ ጠበቀኝ፤ ሊብሬው ውስጡ ነበር። ያለ ሊብሬ ቆራሌው እንኳ አይነካውም፣ የሌባ ዕቃ ገዛህ እንዳይባል ይፈራል። ምትክ ልጠይቅ ስሄድ “መኪናውን አምጣና ይታይ” ተባልኩ። የተቃጠለ መኪና በምን ልውሰድ? ወላሂ፣ በአጠገቡ ማለፍ ደክሞኛል። ልጆቼን ያሳደግኩበት እንጀራዬ ነበር።

የደሴ እናት፦ አብሽር ወንድሜ። ይህን አላሰብኩትም። መነሳቱ ላይ አሁንም አልለወጥም፤ ልጆች ያልፉበታል። ቅደም ተከተሉ ግን ይቀየር። መጀመሪያ ባለሙያ መኪናው ያለበት ድረስ ይምጣ፣ የሻንሲ ቁጥሩን ከመዝገብ ጋር ያመሳክር፣ ሊብሬ ለጠፋበት ማስረጃ ይስጥ። ባለቤቱ ራሱ ይሽጠው፣ ብሩ የእሱ ነው። 30 ቀኑ ከዚያ ይቆጠር።

መካኒኩ፦ እንዲህ ከሆነ እኔም አለሁበት። የጠቆረ ሻንሲ በሽቦ ብሩሽ ሲፈገፈግ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ይወጣል። ቅዳሜ ብሩሼን ይዤ ልምጣ?

ባለ ሚኒባሱ፦ ና በሞቴ። ቡናው የኔ ነው።

ከኮምቦልቻ፦ ጎማው ግን 30 ቀን አይጠብቅም። ክረምቱ ደርሷል።