የረጠቡ የሳምንታዊ ጋዜጣ ጥራዞች፦ መጠገን ወይስ መጀመሪያ ፎቶ ማንሣት?

ጠያቂ (ከቡራዩ)
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አንድ የሕዝብ ንባብ ቤት ውስጥ የ1950ዎቹ ሳምንታዊ ጋዜጦች ተጠርዘው ተቀምጠዋል። ጣሪያው አፍስሶ የታችኛው ረድፍ ርሷል። ጠርዛቸው ቡናማ ሆኖ ሲነኩት ይፈረፈራል፤ በስኮች የተለጠፉ ገጾችም አሉ። ያለን ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ነው። ከምን እንጀምር? የጎደሉት እትሞችስ ከየት ይገኛሉ?

ወረቀት ጠጋኝ
ከማድረቅ ጀምሩ፣ ዛሬውኑ። እርጥብ ወረቀት በ2 ቀን ውስጥ ሻጋታ ሊያወጣ ይችላል። ፀሐይ ላይ ግን አታስጡት። የጋዜጣ ወረቀት ከተፈጨ እንጨት ስለሚሠራ ውስጡ ያለው ሊግኒን (የእንጨቱ ማጠንከሪያ ንጥረ ነገር) በብርሃንና በአየር ይበላሻል፤ ቡናማ ያደረገውም እሱ ነው። ጥላና ነፋስ ባለበት ክፍል አስተኝታችሁ በየ10 ቅጠሉ ነጭ ወረቀት አስገቡ፤ ሲርስ ለውጡት። ሻጋታ ካለ እርጥብ ሳለ አትጥረጉ፣ ወደ ውስጥ ይገባል። ደርቆ ሲያልቅ ደጅ ወጥታችሁ፣ ማስክ አድርጋችሁ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ።

ስኮቹን እባካችሁ አትላጡት፣ ፊደሉን ይዞ ይነሣል። ጥገናው ፎቶ ከተነሣ በኋላ ይሁን፤ በስንዴ ስታርች ሙጫና በስስ የጃፓን ወረቀት። የዱቄት ሙጫ ነፍሳት ይጠራል።

ካሜራ ያዥ
ገጹ 42 በ58 ሴንቲሜትር ከሆነ በአንድ ፎቶ የምታገኙት በኢንች 240 ነጥብ ያህል ነው። ለደቃቅ ፊደል 300 ይሻላል። ስለዚህ ላይና ታች ከፍላችሁ ሁለት ጊዜ አንሡ፣ መሃሉ 5 ሴንቲሜትር ይደራረብ። መብራት ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ። መስታወት አትጫኑበት፣ የደረቀ እጥፋት ይሰበራል። ዋናው ፋይል በቲፍ (ጥራት በማይቀንሰው የምስል ፋይል ዓይነት፣ TIFF) ይቀመጥ፤ ሁለተኛው ቅጂ ሌላ ቤት።

መዝገብ አደራጅ
ለፋይሉ ስም የኢትዮጵያን ቀን ተጠቀሙ፦ 1958-13-03-01 ማለት የጳጉሜን 3 እትም ገጽ 1 ነው። ብዙ ፕሮግራም 13ኛ ወር ስለማይቀበል ቀኑን እንደ ጽሑፍ መዝግቡት። ቴሰራክት (ከፎቶ ላይ ፊደል ለይቶ ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ፕሮግራም) አማርኛ ያነባል፣ ግን የደበዘዘ ኅትመት ላይ ብዙ ይስታል። ለፍለጋ ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ ሁለተኛ ቅጂ አዘጋጁ፤ አለዚያ «ፀሐይ» ብሎ የፈለገ «ጸሀይ»ን አያገኝም። በምስሉ ሥር የሚቀመጠው ጽሑፍ ግን እንደታተመ ይቆይ።

ጉድለቱን ለማወቅ ከራስጌው ዓመቱንና ቁጥሩን መዝግቡ። ቁጥር በማተሚያ ቤት ስሕተት ሊደገም ስለሚችል ቀኑንም እዩ፤ በሁለት እትሞች መካከል 14 ቀን ካለ አንድ ጎድሏል ወይም በዚያ ሳምንት አልታተመም። ዝርዝሩን ይዛችሁ ወመዘክርን (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትን) እና ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። አዲስ ዘመንም በ1933 ዓ.ም. ሲጀምር ሳምንታዊ ስለነበር የድሮ ቅጾቹን በዚሁ መንገድ ማጣራት ይቻላል።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። ጥራዙን ፈትተን ብናነሣውስ? ወደ ስፌቱ የገባው ዓምድ አይታይም።

ወረቀት ጠጋኝ
ክሩ ራሱ ከተበጠሰ ብቻ። የሚፈረፈር ወረቀት ከተፈታ መልሶ ስፌት አይችልም። በ90 ዲግሪ ብቻ ከፍታችሁ አንዱን ገጽ በየተራ አንሡ።