ኔትወርክ ፕላስ ወይስ ሲሲኤንኤ? የትኛው ፈተና ይከብዳል?

ጠያቂ፦ የሐዋሳዋ

ሰላም ለሁላችሁ። አይቲ ሳፖርት ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ፕሪንተር አስተካክላለሁ፣ ዊንዶውስ እጭናለሁ፣ አልፎ አልፎ የኬብል ጫፍ እገጥማለሁ። ስዊች (ኮምፒውተሮቹን በኬብል የሚያገናኘው ዕቃ) ውስጥ ገብቼ ግን አላውቅም፤ የሰርቨር ክፍሉ ቁልፍ ከአለቃዬ ኪስ አይወጣም። ዘንድሮ አንድ የኔትወርክ ሰርተፍኬት ልይዝ ቆርጫለሁ፦ ወይ የኮምፕቲያን ኔትወርክ ፕላስ፣ ወይ የኔትወርክ ዕቃ አምራቹን የሲስኮን ሲሲኤንኤ። አንዱ «ከኔትወርክ ፕላስ ጀምሪ፣ ይቀላል» ይለኛል፣ ሌላው «ጊዜሽን አታባክኚ፣ ቀጥታ ሲሲኤንኤ ግቢ» ይለኛል። ሲሲኤስቲ የሚባልም አለ ሲሉ ሰማሁ። የፈተናውን የምትከፍልልኝ አሜሪካ ያለች አክስቴ ናት። አንዴ ነው የምጠይቃት፤ ከወደቅሁ ደግሜ አፌን አልከፍትም። የተፈተናችሁ ሰዎች፣ ክብደታቸው በእውነት ምን ያህል ይለያያል?

ማታ አጥኚ

ሁለቱንም ወስጃለሁ። እንዲሁ «ይከብዳል፣ ይቀላል» ከምልሽ የጥያቄዎቹን ዓይነት ላሳይሽ።

ኔትወርክ ፕላስ እንዲህ ይላል፦ አንድ ሠራተኛ ኢንተርኔት እምቢ አለው፣ የኮምፒውተሩ አይፒ 169.254.23.8 ነው፣ ችግሩ ምንድን ነው? በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ኮምፒውተሩ አድራሻ የሚያድለውን ዲኤችሲፒ ሰርቨር ሲያጣ ለራሱ የሚሰጠው እንደሆነ ካወቅሽ አለቀ። ሳፖርት ስለሆንሽ ይሄን በዓይንሽ ሳታዪው አልቀረሽም።

ሲሲኤንኤ ደግሞ የራውቲንግ ቴብል (የራውተሩን የመንገድ ዝርዝር) ፊትሽ ይዘረጋል። ኦኤስፒኤፍና ሪፕ ራውተሮች መንገድ የሚነጋገሩባቸው ፕሮቶኮሎች ናቸው። አንዱ መስመር 10.1.1.0/24 ነው፣ በኦኤስፒኤፍ የመጣ። ሌላው 10.1.1.0/25 ነው፣ በሪፕ የመጣ። ወደ 10.1.1.50 የሚሄድ ፓኬት በየት ይወጣል? «ኦኤስፒኤፍ 110፣ ሪፕ 120፣ ትንሹ ያሸንፋል» ብሎ የሸመደደ ሰው ዘሎ ኦኤስፒኤፍን ይመርጥና ይሳሳታል። እነዚያ የታማኝነት ደረጃ ቁጥሮች የሚወዳደሩት የሁለቱ መንገዶች ፕሪፊክስ (አድራሻውና ከ/ በኋላ ያለው ቁጥር) እኩል ሲሆን ብቻ ነው። እዚህ /25 ይጠብባል፣ ጠባቡ ደግሞ ይቀድማል፣ 50 ደግሞ ከ0 እስከ 127 ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ ስለዚህ ፓኬቱ በሪፕ ይሄዳል። በልምምድ ፈተና ይሄንኑ ሦስት ጊዜ ተሳስቻለሁ፣ አላፍርም።

ኔትወርክ ፕላስ ስፋቱ ነው የሚያደክመው፦ የፖርት ቁጥሮች፣ የኬብል ዓይነቶች፣ የዋይፋይ ስታንዳርዶች፣ ክላውድ፣ ሴኩሪቲ፣ ከሁሉም ጥቂት ጥቂት። ሲሲኤንኤ እጅሽን ይፈልጋል፦ ቪላን፣ ትራንክ፣ ኤሲኤል፣ ናት፣ ኦኤስፒኤፍ የመሳሰሉትን ስዊችና ራውተር ላይ ራስሽ ማዋቀር። ትዕዛዝ እየጻፍሽ የምትሠሪው ላብም ሊመጣብሽ ይችላል።

ሬሲቨር

ብሮ ዝም ብለህ ዳምፕ (ሾልኮ የወጣ የፈተና ጥያቄ) ሸምድድ፣ በሁለት ሳምንት ታልፋለህ 😂

የሐዋሳዋ

ብሮ አይደለሁም፣ ሲስ በል። ዳምፑንም ተወው።

ማታ አጥኚ

ዳምፕ ሲስኮ ከነቃብሽ ሰርተፍኬቱን ይሰርዘዋል። ባይነቃ እንኳ ኢንተርቪው ላይ «እስቲ ይሄን ስዊች ኮንፊገር አድርጊ» ሲሉሽ ምን ልትዪ ነው?

የረሳሁትን ልጨምር። ኔትወርክ ፕላስ 90 ደቂቃ ነው፣ ጥያቄው ቢበዛ 90። ማለፊያው ከ100 እስከ 900 በሚደርሰው መለኪያ 720 ነው። የከበደሽን ምልክት አድርገሽበት ታልፊና በኋላ ትመለሺበታለሽ። ሲሲኤንኤ 120 ደቂቃ ነው፣ ማለፊያ ነጥቡን ሲስኮ አይናገርም፣ ወደኋላ መመለስም የለም። «ቀጣይ» ከነካሽ ያ ጥያቄ ሄደ። እኔን ከይዘቱ በላይ ያስጨነቀኝ ይሄ ነው። አንዱ ላብ ላይ ሙጭጭ ብዬ ቀና ስል ሰዓቱ ነጉዷል፤ የመጨረሻዎቹን በሩጫ ነው የሠራሁት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣ እኔ ያለሁት ዲሲ አካባቢ ነው። ኔትወርክ ፕላስ እዚህ የሚፈለግበት አንዱ ምክንያት ፔንታገን ለሠራተኞቹና ለኮንትራክተሮቹ ከሚቀበላቸው ሰርተፍኬቶች ውስጥ ስላለ ነው። የእኛ ልጆች «ከእሱ ጀምሪ» የሚሉሽ ከዚህ አገር ገበያ ተነስተው ነው። አንቺ ሐዋሳ ሆነሽ ያ ምን ያደርግልሻል? ደግሞ ቀላል የሚባለው ነው የሚወደደው፦ ሲሲኤንኤ 300 ዶላር ሲደመር ታክስ፣ ኔትወርክ ፕላስ ከ350 በላይ። ለአክስትሽ አስቢላቸው።

ሲሲኤስቲ የሲስኮ የመጀመሪያ ደረጃ ነው፦ 50 ደቂቃ፣ 125 ዶላር፣ ጊዜውም አያልፍም። ሌሎቹ ግን በየሦስት ዓመቱ ይታደሳሉ። ይዘቱ ለአንቺ አይከብድም። ግን ሁለት ዓመት ሠርተሽ ለሱ መክፈል፣ በበኩሌ፣ ዳቦ ገዝቶ ሽታውን ብቻ እንደማሽተት ነው።

ፋይበር ቆራጭ

ሁዋዌን ረሳችሁት እንዴ? ኢትዮ ቴሌኮም ለዓመታት የዘረጋው ኔትወርክ በአብዛኛው የሁዋዌና የዜድቲኢ ዕቃ ነው። ወደ ቴሌኮሙ መስመር ካሰብሽ የሁዋዌን ሰርተፍኬት፣ ኤችሲአይኤ ዳታኮምን እዪው፦ 90 ደቂቃ፣ ማለፊያው ከ1000 600። ክብደቱ ለእኔ ከሲሲኤንኤ ትንሽ ይቀላል፣ ሐሳቡ ግን ያው ነው፤ ኦኤስፒኤፍ የትም ኦኤስፒኤፍ ነው። ትዕዛዞቹ ናቸው የሚለዩት። ሲስኮ «ሾው» የሚለውን ሁዋዌ «ዲስፕሌይ» ይለዋል፣ ሲስኮ «ኖ» ብሎ የሚሰርዘውን ሁዋዌ «አንዱ» (undo) ይላል። አስተማሪያችን «አንዱ ብላችሁ ጻፉ» ሲለን ከኋላ የነበረው ልጅ «የትኛው?» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገደለው።

ማታ አጥኚ

ስለ ምዝገባው አንድ ነገር። ስምሽን ልክ ፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው ጻፊ፣ ፊደል በፊደል። እኔ የአባቴን ስም በአንድ «ኤች» አሳስቼ ከፈተና ጣቢያው በር ተመልሻለሁ። ቤት ሆነሽ በካሜራ መፈተንም ይቻላል፣ ግን መብራት ወይም ኔት ከሄደ ጣጣው ብዙ ነው። አዲስ አበባ መጥተሽ ጣቢያ ብትፈተኚ ይሻልሻል።

የእኔ ምክር፦ ቀጥታ ሲሲኤንኤ፣ ግን አሁኑኑ አትመዝገቢ። የሲስኮን የኔትወርክ መለማመጃ ፕሮግራም፣ ፓኬት ትሬሰርን፣ በነፃ አውርደሽ የአለቃሽ ኪስ ውስጥ የቀረውን ስዊች ላፕቶፕሽ ላይ ሥሪው። በየቀኑ ማታ አንድ ላብ። ከፈተናው 25 በመቶው ራውቲንግ ነው፣ ረጅም ጊዜሽን እዚያ ላይ ጣዪ። እኔ ሰባት ወር ፈጅቶብኛል። አክስትሽን የምትጠይቂያቸው የልምምድ ፈተናውን ደጋግመሽ ስታልፊ ነው። እስቲ ለሙከራ፦ 172.16.45.77/27። ኔትወርኩና ብሮድካስቱ (የመጀመሪያውና የመጨረሻው አድራሻ)? በ30 ሰከንድ፣ ያለ ካልኩሌተር።

የሐዋሳዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ሲሲኤንኤ ሆኗል። ፓኬት ትሬሰር እየወረደ ነው።

መልሴ፦ ኔትወርኩ 172.16.45.64፣ ብሮድካስቱ 172.16.45.96። ሁለት ደቂቃ ፈጅቶብኛል፣ አትሳቁ።

ማታ አጥኚ

64ቱ ልክ ነው። ብሮድካስቱ ግን 95 ነው፤ 96 የጎረቤት ግቢ ነው፣ የቀጣዩ ኔትወርክ መጀመሪያ። እንዲህ ያለ መቶ ሥሪና ተመለሺ።