የራሱን ኮንፈረንስ ያላሸነፈ ቡድን እንዴት የአገር ሻምፒዮን ይሆናል?

የኔታ ዘማርቆስ (ደብረ ማርቆስ)

ጤና ይስጥልኝ። በኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የሚኖረው የእህቴ ልጅ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን መደገፍ ከጀመረ ወዲህ፣ ስልክ በደወለ ቁጥር ደኅንነታችንን ሳይጠይቅ የሚነግረኝ ስለዚሁ ቡድን ነው። በ2017 ዓ.ም. የኅዳር ጽዮን ዕለት፣ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ደውሎ «አጎቴ፣ በሚቺጋን 13 ለ 10 ተሸነፍን፤ ዘንድሮም አበቃልን» ሲለኝ አጽናንቼው ተኛሁ። በጥር ሚካኤል ማግስት ግን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ካለፈ በኋላ ደውሎ «የአሜሪካ ሻምፒዮን ሆንን፤ ዋንጫውን በላን» አለኝ። ከዚያ ቀደም ብሎ በጥቅምት ወር በኦሪገንም 32 ለ 31 ተሸንፈው ነበር። በ12 ጨዋታ ሁለት ጊዜ የተሸነፈና ለራሱ ኮንፈረንስ (ለሚወዳደርበት የኮሌጆች ምድብ) ፍጻሜ እንኳ ያልደረሰ ቡድን በምን ሥርዓት የአገር ሻምፒዮን ይሆናል? ልጁን ብጠይቀው በደስታ ከመጮህ በቀር ፍሬ ያለው መልስ አላገኘሁበትም።

የዳሞት ልጅ (ኮሎምበስ)

የኔታ፣ እኔም እዚህ እንደመጣሁ ግራ ያጋባኝ ይኸው ነበር። በ2024 (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር) በከፍተኛው እርከን የሚጫወቱት ኮሌጆች 134 ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው በመደበኛው ውድድር 12 ጊዜ ብቻ ስለሚጫወቱ፣ እንደ እኛ ፕሪሚየር ሊግ ሁሉም ከሁሉም ጋር ተገናኝቶ ነጥብ የሚደመርበት መንገድ የለም። ስለዚህ 13 አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቀምጦ ደረጃ ያወጣል፤ የተመረጡትም ወደ ጥሎ ማለፍ ይገባሉ። እስከ 2023 የውድድር ዘመን ድረስ የሚገቡት አራት ብቻ ነበሩ። ኦሃዮ ስቴት በኮሚቴው የመጨረሻ ዝርዝር 6ኛ ስለነበር፣ በአሮጌው ሕግ ቢሆን ኖሮ የእህትዎ ልጅ እንዳለው አብቅቶለት ነበር። በ2024 ግን ቁጥሩ ወደ 12 ከፍ አለ። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ያለው ቦታ ለኮንፈረንስ ሻምፒዮኖች ተጠብቆ አንድ ዙር እንዲያርፉ ስለተደረገ፣ የእኛው ቡድን በ8ኛነት ተመድቦ ቴነሲን በገዛ ሜዳው 42 ለ 17 አሸነፈ። ካረፉት አራቱ አንዳቸውም እንኳ ሩብ ፍጻሜውን አላለፉም፤ ሕጉን ያወጡት ሰዎች ይህን የጠበቁት አይመስለኝም።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ወንድሜ የዳሞት ልጅ በሩ መከፈቱን በሚገባ አስረድቷል፤ እንዴት እንደገቡበት ግን አልነገረንም። ከ2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ስለተፈቀደ፣ ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ መሄድ ይችሉ የነበሩ በርካታ ነባር ተጫዋቾች ለአንድ ዓመት ቆዩ፤ ኳርተርባኩ (ኳሱን የሚያቀብለው የአጥቂው ክፍል መሪ) ዊል ሃዋርድ ደግሞ ከካንሳስ ስቴት ተዛውሮ መጣ። ይህ ስብስብ በሩብ ፍጻሜው ያንኑ ኦሪገንን በሁለተኛው ሩብ 34 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ 41 ለ 21 ረታው።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን ግማሽ ፍጻሜው ነው። ኦሃዮ ስቴት ቴክሳስን 21 ለ 14 እየመራ፣ ጨዋታው ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ ቴክሳሶች ነጥብ ወደሚቆጠርበት መስመር ለመድረስ አንድ ያርድ (አንድ ሜትር ገደማ) ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ቀጥታ መግፋት ሲችሉ ኳሱን ወደ ጎን ወስደው ሰባት ያርድ ያህል ወደ ኋላ ተመለሱ። በአራተኛውና በመጨረሻው ሙከራቸው የኦሃዮ ስቴቱ ጃክ ሶየር የቴክሳሱን ኳርተርባክ ኩዊን ኢወርስን ደርሶበት ኳሱን አስጣለው፤ አንሥቶም 83 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ። ሁለቱ ቀድሞ በኦሃዮ ስቴት አንድ ክፍል ይኖሩ የነበሩ ጓደኛሞች ናቸው።

የፍጻሜው ዕለት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ተነሥቼ፣ ጋቢ ተከናንቤ በስልክ ተከታተልሁ። ኖተርዳምን 31 ለ 7 ሲመሩ ልተኛ አስቤ ነበር፤ ወዲያው 31 ለ 23 ሆነ። ኳሱን ይዞ ለመቀጠል 11 ያርድ በሚያስፈልግበት ሦስተኛ ሙከራ ሃዋርድ ለአንደኛ ዓመቱ ተማሪ ለጄረሚያ ስሚዝ የ56 ያርድ ኳስ ባይሰጠው ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር። 34 ለ 23 አበቃ።

የኔታ ዘማርቆስ (ደብረ ማርቆስ)

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም፦ ልጁ ዋንጫ ከተበላም በኋላ ሚቺጋን ሲባል ፊቱ ይጠቁራል። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለም?

የዳሞት ልጅ (ኮሎምበስ)

የኔታ፣ የሚቺጋኑ ሽንፈት ለአሰልጣኝ ራያን ዴይ በተከታታይ አራተኛው ነበር፤ ያውም ከ100 ሺህ በላይ ሰው በሚይዘው በራሳችን ስታዲየም። እኔ ራሴ ከዋንጫው ይልቅ ያን ቀን ነው የማስታውሰው። በዚያ ጨዋታ ሳምንት በዩኒቨርሲቲው ግቢ በየሰሌዳው ላይ ያለው ኤም የሚባለው የእንግሊዝኛ ፊደል የሚቺጋን መነሻ ነውና በቀይ ፕላስተር ይሰረዛል።

የኔታ ዘማርቆስ (ደብረ ማርቆስ)

አሁን ገባኝ። በዚያ ሰሞን በላከልኝ መልእክት «ደብረ ርቆስ እንዴት ናት?» ብሎ ጽፎልኝ፣ የፊደል ግድፈት መስሎኝ አርሜ መልሼለት ነበር።