አባዬ በድምፁ እንዲጽፍ የቱ ፕሮግራም ይሻለዋል?

የመምህሩ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባዬ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ 71 ዓመቱ። ግላኮማ ዓይኑን ከዳር ከዳር እየበላው መጥቶ አሁን በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ሆኗል። እስክሪብቶ ሲይዝ መስመሩ ይጠፋበታል። የሕይወት ታሪኩን መጻፍ ይፈልጋል፣ በአማርኛ። ከሥራ መልስ ቁጭ ብዬ እሱ እየነገረኝ ልጽፍለት ሞክሬ ሁለት ሳምንት አልዘለቅንም፤ እሱ «አታርሚኝ» ይላል፣ እኔ አርማለሁ፣ ከዚያ መኳረፍ ነው። አንድ የኮምፒውተር ሱቅ «ድራጎን የሚባለውን ድምፅ ሰምቶ የሚጽፍ ፕሮግራም ልጫንልሽ» ብሎ 5,000 ብር ጠየቀኝ። ዊንዶውስ 10 ያለው ላፕቶፕ አለን፣ እሱም አንድሮይድ ስልክ ይዟል። ልክፈል ወይስ ሌላ አለ?

ካዛንቺስ፦
ኧረ ብርሽን ያዢ! ድራጎን ጎበዝ ነው፣ ግን ለእንግሊዝኛና ለጥቂት የፈረንጅ ቋንቋዎች ነው፤ አማርኛ አያውቅም። ጎግል ግን ከ2017 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ አማርኛ ሰምቶ ይጽፋል፣ በነፃ። ስልኩ ላይ ጂቦርድን (የጎግል ኪቦርድ ነው) ጭነሽ አማርኛን ጨምሪና ማይክራፎኗን መንካት ነው። ለረጅም ጽሑፍ ግን ላፕቶፑ ይሻላል። በክሮም ማሰሻ ጎግል ዶክስን (የጎግልን መጻፊያ) ትከፍቻለሽ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስ አንድ ላይ ስትጫኚ ማይክራፎን ይመጣል፣ ቋንቋውን አማርኛ ታደርጊዋለሽ፣ በቃ። ኢንተርኔት ከሌለ አይሠራም፣ እሱን እወቂ።

ጆሮዬ ዓይኔ፦
እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አላይም። እህቴ፣ የጠየቅሽው ግማሹን ነው። ሰምቶ የሚጽፈው ተገኘ እንበል፤ የጻፈውን ማን ያነብላቸዋል? አንቺ ከሆንሽ ወደ ኩርፊያው ተመለሳችሁ። እኔ አንዴ ለአከራዬ «ነገ እከፍላለሁ» ብዬ የተናገርኩት «ነገ እከፍታለሁ» ሆኖ ሄዶ «ምኑን ነው የምትከፍተው?» ብለው ደወሉልኝ። ሳላዳምጠው ስለላክሁት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚያነብላቸውን ጫኚ። ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ ከሚያነቡት ፕሮግራሞች ጆስ የሚባለው ገንዘብ ይጠይቃል። ኤንቪዲኤ ነፃ ነው፤ ማይክል ከራንና ጄምስ ቴ የሚባሉ ሁለት ዓይነ ስውር አውስትራሊያውያን የሠሩት ነው፣ ችግሩን ከውስጥ ያውቁታል። አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የሚባለው ድምፅ አማርኛ ያነባል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ድምፁ ቆርቆሮ ነው። የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፤ «ሰውየው አለ» ሲል ተናገረ ማለቱ ይሁን ወይስ ቤት ውስጥ ይገኛል ማለቱ፣ ከዐረፍተ ነገሩ ነው የምትገምቺው። ጆሮ ግን ይለምደዋል። ሰው የሚመስል ድምፅ ካማራቸው ጽሑፉን በኤጅ (በማይክሮሶፍት ማሰሻ) ከፍታችሁ ሪድ አላውድ የሚለውን፣ ጮክ ብሎ የሚያነበውን፣ ተጫኑ፤ መቅደስና አምሃ የሚባሉ የአማርኛ ድምፆች አሉት፣ እነሱም ኢንተርኔት ይፈልጋሉ።

እና የጆሮ ማዳመጫ ግዢ! ያለዚያ ኤንቪዲኤ የሚያወራውን ማይክራፎኑ ይሰማና የአባትሽ ታሪክ ውስጥ ይጽፈዋል።

ብርሃን፦
እናቴም ግላኮማ አላት። አንድ ነገር ልጨምር፤ ሁሉም ሰው «ፊደሉን አተልቂላት» ይለኝ ነበር። የሚያዩበት ቀዳዳ ጠባብ ከሆነ ፊደል በጣም ሲተልቅ ከቃሉ የሚታየው አንድ ሁለት ሆሄ ብቻ ይሆናል። መካከለኛ መጠን፣ ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ፊደል፣ እሱ ነው ለእኛ የሠራው። ለእሳቸው የሚስማማውን ግን ራሳቸው ይምረጡ።

የመምህሩ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ቅዳሜ ጫንን። ኤንቪዲኤን መጀመሪያ ሲሰማው «ይሄ ሰውዬ ጉንፋን ይዞታል?» አለ፣ አሁን ግን ራሱ እየሰማ ያርመዋል፣ እኔን አይጠራኝም። አንድ ችግር ብቻ ቀረ፤ የ35 ዓመት አስተማሪ ስለሆነ ቃለ ጽሕፈት የሚያጽፍ ይመስል በየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ «አራት ነጥብ» ይላል፣ ፕሮግራሙም በፊደል «አራት ነጥብ» ብሎ ይጽፈዋል። ምን ላድርግ?

ካዛንቺስ፦
ሃሃ! በአማርኛ ሥርዓተ ነጥብ በድምፅ አይቀበልም፣ ግን አታስቁሚያቸው፣ እንዲያውም ይበሉ። ሲጨርሱ ኮንትሮልና ኤች ተጫኚ፣ «አራት ነጥብ» የሚለውን በሙሉ በ«።» ተኪው፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አስተማሪ ናቸውና «ተማሪዬ አራት ነጥብ አመጣ» ያሉበት ቦታ ካለ ግን እሱን በእጅሽ መልሺው።