ተማሪዎቼ ክሮስ (የማዳቀል ጥያቄ) ይሰራሉ ግን ጂኑን ከፕሮቲኑ አያገናኙትም፣ ምን ላድርግ?

ሰላም መምህራን፣ ጄኔቲክስና ሞለኪውላር ባዮሎጂ ለሁለተኛ ዓመት ነው የማስተምረው። ፐኔት ስኩዌር (ከወላጆች ምን ዓይነት ልጆች እንደሚወጡ የሚታይበት ሠንጠረዥ) ስሰጣቸው 3 ለ 1 ምናምን ቶሎ ያወጣሉ፣ ግን "ይሄ አሌል (የጂኑ ዓይነት) ለምን ሪሴሲቭ (ዶሚናንቱ ካለ የማይታይ) ሆነ?" ስላቸው "ዶሚናንቱ ስለሚጫነው" ይሉኛል፣ እንዴት ነው የሚጫነው ስል ዝም። ትራንስክሪፕሽንና ትራንስሌሽንን (ዲኤንኤውን ወደ ኤምአርኤንኤ መገልበጥና ከዛ ፕሮቲን መሥራትን) ደግሞ ሌላ ኮርስ ይመስል ለብቻው ይሸመድዱታል። ሞለኪውላሩን ላስቀድመው?

መልስ 1፦
መምህር፣ ቅደም ተከተሉ ብዙም ለውጥ አያመጣም፣ የሚጎድለው አንድ ምሳሌ ይዞ ከዲኤንኤ እስከ ፍሬው ድረስ መውረድ ነው። የሜንዴልን የተጨማደደ አተር ይውሰዱ። 1990 ላይ ጂኑ ሲታወቅ የተገኘው፣ ስታርችን ቅርንጫፍ የሚያስወጣው ኢንዛይም ጂን ውስጥ 800 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ገደማ የሆነ ቁራጭ ገብቶ አበላሽቶታል። ኢንዛይሙ ሲጠፋ ስታርቹ ያንሳል ስኳሩ ይከማቻል፣ ስኳሩ ውሃ ይስብና ፍሬው ያብጣል ከዛ ሲደርቅ ይጨማደዳል። አንድ ደህና ኮፒ ካለ ግን ክብ ለመሆን የሚበቃ ኢንዛይም አለ፣ ማንም ማንንም አልተጫነም! እንደውም የሄትሮዛይጎቱን (አንድ ደህና አንድ የተበላሸ ኮፒ ያለውን) ስታርች በማይክሮስኮፕ ካዩት ቅርጹ መሃል ላይ ነው፣ ዶሚናንት የሚለው ነገር የምናየው ምኑን ነው በሚለው ይወሰናል ማለት ነው። ይሄንን ራሳቸው እንዲደርሱበት ጊዜ ይስጧቸው።

መልስ 2፦
በጣም ትክክል፣ ግን እዛ ላይ ብቻ ከቆመ "ዶሚናንት ማለት ደህናው ነው" ብለው ይወጣሉ። የሀንቲንግተን በሽታን ጨምሩበት፣ ጂኑ ውስጥ ሲኤጂ የሚባሉት ሦስት ቤዞች ድግግሞሽ ሲረዝም የሚሰራው ፕሮቲን ራሱ የነርቭ ሴሉን ስለሚጎዳ አንድ ኮፒ ይበቃል። ዶሚናንት ነው ግን በሽታው ብርቅ ነው፣ የኦ ደም አሌል ደግሞ ሪሴሲቭ ሆኖ በጣም የተለመደ ነው።

መልስ 3፦
ፈተናውስ? ፈተናው ሬሾ ብቻ ከጠየቀ ተማሪው ሬሾ ነው የሚያጠናው፣ አይፈረድበትም። እኔ አዲስ ሚውቴሽን ፈጥሬ እሰጣለሁ፣ አንዱ ፕሮሞተሩን (የጂኑን ግልበጣ የሚያስጀምረውን ክፍል) የቆረጠ ሌላው መሃል ላይ ስቶፕ ኮዶን (ፕሮቲን መሥራቱን የሚያስቆም ምልክት) ያመጣ፣ ከዛ ኤምአርኤንኤው ይኖራል ወይ፣ ፕሮቲኑስ፣ ሄትሮዛይጎቱስ ምን ይመስላል ብለው ከነምክንያቱ ይጽፋሉ። ለማረም ያደክማል፣ ግን ማን እንደገባው ወዲያው ይታያል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። በአተሩ እጀምራለሁ፣ የኦ ደምን ለግሩፕ ሥራ እሰጣቸዋለሁ። መልስ 3፣ ፕሮሞተርን የምታስተምረው ከላክ ኦፔሮን (ባክቴሪያ ላክቶስ የሚጠቀምባቸው ጂኖች አብረው የሚቆጣጠሩበት ምሳሌ) በፊት ነው በኋላ?