ስቲልሄድ ከወንዝ ዳር፦ ለጀማሪዎች የታሰበው ዕቅድ፣ አስተያየት እስከ እሁድ ማታ

ጸሐፊ፦ ስቲልሄድ የሚባለውን፣ ባሕር ወርዶ ወደ ወንዝ የሚመለሰውን ዓሣ ለማጥመድ የታሰበው ረቂቅ ይኸው። ከሰመሩ የምግብ ሽያጭ የተረፈው 1,640 ዶላር ነው። በስብሰባው እንደተባለው፣ ዓሣ አጥምደው ለማያውቁ አባላት አምስት ሙሉ ዕቃ እንገዛለን። ዕቃው የእድሩ ነው፤ በተራ በውሰት ይሰጣል። ዲሴምበር ውስጥ ሦስት ቅዳሜ እንወጣለን። ቦታው እዚሁ ዋሽንግተን ስቴት፣ ስካይኮሚሽ ወንዝ ላይ፣ ጎልድ ባር ከተማን አለፍ ብሎ ሬይተር የሚባለው ማጥመጃ ነው። ጀልባ የለም፣ ከዳር ብቻ። ለማስተማር የታክዊላው ጋሼ፣ የኤቨረቱና የሊንውዱ እሺ ብለዋል። ሰው ከሦስት ቅዳሜ በኋላ ብቻውን ሄዶ፣ ሳይሰምጥና ሳይቀጣ ማጥመድ እንዲችል ነው የምንፈልገው። እሁድ ማታ እዘጋዋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ አምስት ዕቃ በስንት? ዋጋ ያልተጻፈበት ወረቀት ላይ አልፈርምም። የድንኳኑ ነገር እንዲደገም አልፈልግም።

የታክዊላው፦ ዋጋው ይኸው። ዘጠኝ ጫማ ሮድ (ዘንጉ) ከ3000 ቁጥር ሪል (ክር ማጠንጠኛው) ጋር፣ በቅናሽ ቀን ከተገዛ 120 ዶላር። ክር፣ ቦበር (ተንሳፋፊው)፣ የእርሳስ ክብደት፣ ጂግ (ላባ የለበሰ ከባድ መንጠቆ) እና ተራ መንጠቆ 40። አምስቱ 800 ይመጣል። ሪሉ ላይ 30 ፓውንድ የሚችል የተገመደ ክር ይጠመጠማል። ጫፉ ላይ 10 ፓውንድ የሚችል ጥርት ያለ ክር ይታሰራል። መንጠቆው ድንጋይ ከያዘ ቀጭኑ ይበጠስና ቦበሩ ይተርፋል። ዌደር (ውሃ የማያስገባውን ረጅም ሱሪ) አትግዙ። ዌደር የለበሰ ጀማሪ ውሃ ውስጥ ካልገባሁ ይላል። በዲሴምበር ያ ውሃ እግር ያደነዝዛል፣ ድንጋዩም ያንሸራትታል። የጎማ ቦት ይበቃል። ስቲልሄድ ብዙ ጊዜ ዳሩ ሥር ነው የሚተኛው። ረግጦ የሚያባርረው ሰው ነው።

የኤቨረቱ፦ ጂግ ብቻ? ጀማሪ በጂግ ስንት ቀን ባዶ እጁን ይመለስ? እኔ ጋ ከሴፕቴምበር ጀምሮ ለማባበያ ያሸሁት የዓሣ ዕንቁላል አለ። አርብ ማታ አዳራሹ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ፣ ቅዳሜ ሲነጋ አንሥተን እንሄዳለን።

የምግብ ኮሚቴ፦ ፍሪጁ ውስጥ? አሁንም? ማርች ላይ የሆነውን የረሳ ካለ ላስታውስ። ለለቅሶው ሠላሳ እንጀራ በላስቲክ ጠቅልዬ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ። ከቀብር ተመልሰን ስከፍተው ከላይ ቀይ ውሃ ይንጠባጠባል። ላስቲኩ ውስጥ ገብቷል። የእንጀራው ዓይን አንድ በአንድ ሮዝ ሆኗል። ሽታው አይነገርም። ሐዘንተኛ ቁጭ ብሎ እየጠበቀ እኔ እንጀራ ወደ ቆሻሻ እወረውራለሁ። አይሆንም።

የኤቨረቱ፦ በሁለት ላስቲክ ቋጥሬ ነበር ያስቀመጥኩት። አንድ ሰው ድስት ጭኖበታል። የጫነው ሰው ለምን አይነሣም?

የሬንተኑ፦ የጎመኑ ድስት የባለቤቴ ነው። ድስት ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። እንግዳው ዕንቁላሉ ነው።

የሊንውዱ፦ ታች ቢቀመጥስ? መንጠባጠቡ ይቀራል።

የምግብ ኮሚቴ፦ ታች አትክልት ነው ያለው።

የኬንቷ ነርስ፦ ታችም ላይም አይሆንም። ያ ዕንቁላል የሚታሸው በቦራክስና በሰልፋይት ነው፣ ቀለምም ይጨመርበታል። ለዓሣ እንጂ ለሰው ሆድ የተዘጋጀ አይደለም። አስም ያለበት ሰው በሰልፋይት ሊታፈን ይችላል። ከምግብ ጋር አንድ ቦታ አይቀመጥም።

የኤቨረቱ፦ እኔ ሃያ ዓመት በእጄ አሽቻለሁ፣ ምንም አልሆንኩም።

የኬንቷ ነርስ፦ በእጅህ እሽ። እንጀራዬ ላይ አታድርገው።

አዲስ ገቢ፦ እኔ ከመጣሁ ሰባት ወር ነው። ዕንቁላሉ የግድ ነው ወይ? ያለሱ አይያዝም?

የታክዊላው፦ የግድ አይደለም። ዕንቁላል ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን ዓሣው ወደ ውስጥ ይውጠዋል። መንጠቆው ጉሮሮ ውስጥ ከገባ ብትለቀውም ሊሞት ይችላል። ስቲልሄድ ላይ ደግሞ የምትለቀው ከምትወስደው ይበልጣል። እንደ ዕንቁላል ያለ ማባበያ ፈጽሞ የተከለከለበት ቦታና ወቅትም አለ።

አሁን የሚጠቅምህን ልንገርህ። መጀመሪያ ውሃውን እይ። ዝናብ ጥሎ ወንዙ ቡና ወተት ከመሰለ ቤትህ ተኛ። መቀነስ ሲጀምር፣ አረንጓዴ ሆኖ ሁለት ሦስት ጫማ ወደ ታች ሲያሳይ፣ ያኔ ውጣ። ሰው ቀስ ብሎ በሚራመድበት ፍጥነት የሚሄደውን ውሃ ፈልግ። ፈጣኑና ዝግተኛው የሚገናኙበት መስመር አለ፣ አረፋው ያሳይሃል። እዚያ ላይ ከቆምክበት ትንሽ ወደ ወንዙ መምጫ ወርውር። ቦበሩ ቀጥ ብሎ ከአረፋው እኩል ይሂድ። ከቀደመ ወይም ከተጎተተ ክሩን አንሥተህ አስተካክል። ጂጉ ከወለሉ አንድ ጫማ ያህል ከፍ ይበል። ቦበሩ ሲሰጥም አትጠይቅ፣ ሳብ። ብዙ ጊዜ ድንጋይ ነው። አንድ ቀን ድንጋዩ ይሮጣል።

እኔ የመጀመሪያዬን እስክይዝ ሁለት ዊንተር ፈጅቶብኛል። ባሌ ዲንሾ አካባቢ ያደገ ሰው ካለ ይህን ዓሣ ያውቀዋል። ዌብ ወንዝ ውስጥ ያለው፣ ከኬንያ የመጣው ቀስተ ደመና ትራውት ወንድሙ ነው። ዘሩ አንድ ነው። ይኸኛው ባሕር ወርዶ፣ ወፍሮ፣ ብር መስሎ ወደ ተወለደበት ወንዝ ይመለሳል። እንደ ሳልመን ዕንቁላሉን ጥሎ የግድ አይሞትም፤ ተመልሶ ባሕር የሚገባም አለ።

የሬንተኑ፦ ጋሼ ጥሩ ብለዋል፣ ግን የፍሪጁን ነገር አንዝለለው። ያንን ፍሪጅ በራሴ ትራክ ጭኜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለዓሣ ማጥመጃ ይሁን ብዬ አይደለም።

የኤቨረቱ፦ አምጥተህ ሰጥተሃል። የሰጠኸው ለእድሩ ነው፣ እድሩ ደግሞ እኔንም ይጨምራል። በየወሩ አልከፍልም እንዴ?

ገንዘብ ያዥ፦ ሦስት ወር አለብህ።

የኤቨረቱ፦ ይህ እዚህ ይጻፋል? በሰው ፊት? ስሜን ከአስተማሪዎቹ አውጡ። ዕንቁላሉንም ራሴ አጠምድበታለሁ።

ጸሐፊ፦ ወደ ረቂቁ እንመለስ። ስለ ቅጣቱ ማን ያስረዳል? አዲስ ሰው የሚፈራው እሱን ነው።

የሬንተኑ፦ እኔ አስረዳለሁ፣ የተቀጣሁት እኔ ስለሆንኩ። ስቲልሄድ ጀርባው ላይ፣ ከጭራው በፊት፣ የጣት ጫፍ የምታክል ትንሽ ለስላሳ ክንፍ አለችው። በእርባታ ጣቢያ የተፈለፈለው ጫጩት እያለ እሷን ይቆርጡለታል። ቦታዋ ላይ የዳነ ጠባሳ ካለ ውሰድ። ክንፏ ካለች የዱር ነው፣ ትለቀዋለህ። እኔ ክንፏን አላየሁም። ልጄ ፎቶ ሊያነሣ ሲል ዓሣውን ከውሃ አውጥቼ ከፍ አደረግኩት። የዱሩን ለፎቶም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ከውሃ ማውጣት ክልክል ነው። ይህን አላውቅም ነበር። ልጄ አጠገቤ ቆሞ ሲጻፍብኝ አየ። የገንዘቡ አይደለም የቆጨኝ።

የታክዊላው፦ ወንዛችን የሚገባበት የፒውጀት ሳውንድ ወሽመጥ ስቲልሄድ በፈረንጅ 2007 ነው በፌዴራል ሕግ ለመጥፋት ከተጋረጡት ተርታ የገባው። ስለዚህ አይቀልዱም። ላይሰንስ ከ15 ዓመት ጀምሮ ያስፈልጋል። የያዝከውን የምትመዘግብበት ካርድ ደግሞ ልጅም ቢሆን መያዝ አለበት። ለመውሰድ እንደወሰንክ እዚያው በእስክሪብቶ ትሞላዋለህ፣ መኪና ጋ ደርሰህ አይደለም። ደንቡ በሳምንት ውስጥ ሊቀየር ይችላል። ወንዝ ተከፍቶ ያደረ በማግስቱ ይዘጋል። የስቴቱ የዓሣና የዱር አራዊት መሥሪያ ቤት ያወጣውን፣ ፊሽ ዋሽንግተን የሚለውን አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑ።

የኬንቷ ነርስ፦ ይህን አንድ ገጽ በአማርኛ እንጻፈው። ከሮዱ በፊት የሚያስፈልገው ይህ ነው።

የሊንውዱ፦ እኔ እጽፈዋለሁ። እስከ ሐሙስ።

የምግብ ኮሚቴ፦ ዲሴምበር ጾመ ነቢያት ነው። የያዘ ሰው የት ሊያደርሰው ነው?

ገንዘብ ያዥ፦ ስለ ጾም እዚህ አንጀምር። ቤቱ ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጥና ለገና ይብላው።

የሬንተኑ፦ ፍሪዘር ካላችሁ አይቀር፣ ለምን ለብቻው ፍሪዘር አንገዛም? ወደ ላይ የሚከፈተውን። 260 ዶላር አይቻለሁ። ዕንቁላሉም፣ ዓሣውም እዚያ ይግባ። ፍሪጁም ይገላገል፣ የኤቨረቱም ይመለስ።

የኬንቷ ነርስ፦ ዕንቁላሉና የሚበላ ዓሣ አንድ ላይ? አሁን ምን ስል ነበር?

የሬንተኑ፦ ክዳን ባለው ባልዲ ይሁን።

የምግብ ኮሚቴ፦ ፍሪዘር ከተገዛ ትልቁን ግዙ። ለበዓል በሬ ስንከፋፈል ሥጋ የምናስቀምጥበት አጥተን ስድስት ቤት እየዞርን ነው። ይህን ሁለት ዓመት ሙሉ ብያለሁ፣ የሰማኝ የለም።

ገንዘብ ያዥ፦ ትልቁ 540 ነው። ከ1,640 ላይ 540 ሲቀነስ 1,100 ይቀራል። ለመጠባበቂያ 500 ሳይነካ መቀመጥ አለበት፣ ይህ መተዳደሪያ ደንባችን ላይ አለ። 600 ቀረ። አምስት ዕቃ አይገዛም። ሦስት ይበቃል።

የታክዊላው፦ ዕቅዱ የማጥመጃ ነበር።

የምግብ ኮሚቴ፦ ጋሼ፣ ማጥመጃው አልቀረም። ሦስት አለ።

የኤቨረቱ፦ አንብቤዋለሁ። እትዬ፣ ስለ እንጀራው በዚያው ቀን ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም፣ አሁን ይቅር በሉኝ። ለቅሶ ላይ እንዲያ መሆኑ እኔንም አሳፍሮኛል። የወር መዋጮውን ዛሬ ልኬያለሁ፣ ገንዘብ ያዥ ይየው። ማስተማሩን ግን በዲሴምበር አልችልም፣ የሌሊት ፈረቃ አስገብተውኛል። ፍሪዘሩ ከመጣ ዕንቁላል እሰጣለሁ።

የምግብ ኮሚቴ፦ ይቅር ብያለሁ። ዕንቁላልህን በባልዲ።

ገንዘብ ያዥ፦ ደርሷል። አንድ ወር ይቀራል።

ጸሐፊ፦ የሊንውዱ፣ ሐሙስ አልፏል። የአማርኛው ገጽ?

ጸሐፊ፦ የሊንውዱ?

የኬንቷ ነርስ፦ ደወልኩለት፣ አያነሣም። አሁን አስተማሪ የቀረን አንድ ነው። አንድ ሰው ሦስት ጀማሪ ይዞ ሬይተር ላይ መቆም አይችልም። እዚያ ሰው ትከሻ ለትከሻ ነው የሚቆመው። አንዱ ክር ከጎረቤት ክር ጋር ከተጠላለፈ ጠብ ነው። አንዱ ቢንሸራተትስ?

የሬንተኑ፦ ታዲያ ለምን ወደ ጁን አንወስደውም? በጁን መጀመሪያ ያለ ላይሰንስ የሚጠመድበት ነጻ ቅዳሜና እሁድ አለ። ልጆችም ትምህርት ሊጨርሱ ነው፣ ብርድም የለም። ሐይቅ ዳር፣ ትራውት የሚለቀቅበት ቦታ እንሂድ። ቤተሰብ ሁሉ ይመጣል። ጥብስ እናደርጋለን።

የታክዊላው፦ ሐይቅ ላይ ትራውት ማጥመድ ሌላ ነው። የሚራመድ ውሃ ማንበብ ሐይቅ ዳር አትማርም። በዚያ ነጻ ቀንም ቢሆን ስቲልሄድ ለመያዝ ካርዱ አይቀርም።

የሬንተኑ፦ ካርዱን እናወጣለን። ዋናው ሰው መውጣቱ ነው።

የምግብ ኮሚቴ፦ ጁን ከሆነ የምግቡን ነገር እኔ እችለዋለሁ። ከሰል፣ ድንች፣ ቆስጣ። ፍሪዘሩ እስከዚያ ይደርሳል።

ጸሐፊ፦ እሁድ ማታ ነው። ለጉባኤው የሚቀርበው እንዲህ ሆኗል። አንድ፣ ትልቅ ፍሪዘር፣ 540 ዶላር። ሁለት፣ ሁለት ሙሉ የማጥመጃ ዕቃ፣ 320። ሦስተኛው ዕቃ ለጁን ምግብ ተቀይሯል። ሦስት፣ በጁን ነጻው ቅዳሜ የቤተሰብ መውጫ፣ ቦታው ይወሰናል። አራት፣ ደንቡን በአማርኛ የሚጽፍ ሰው እንፈልጋለን። የዲሴምበሩ ሦስት ቅዳሜ አስተማሪ እስኪገኝ ተዘሏል። ድምፅ ስጡ።

ገንዘብ ያዥ፦ የፍሪዘሩ ቁልፍ ማን ጋ ነው የሚሆነው? ይህ ካልተጻፈ ድምፅ አልሰጥም።

የምግብ ኮሚቴ፦ እኔ ጋ።

የኤቨረቱ፦ እኔ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እትዬን ልቀሰቅስ ነው?

አዲስ ገቢ፦ እኔ ስሜን ለዲሴምበሩ ነበር ያስመዘገብኩት። ላይሰንሱንም ካርዱንም ገዝቻለሁ። አሁን እስከ ጁን ልጠብቅ ማለት ነው?

የታክዊላው፦ አትጠብቅ። ከታንክስጊቪንግ በኋላ ባለው ቅዳሜ እሄዳለሁ። ሐሙስ ማታ ደንቡንና የወንዙን ከፍታ አይቼ እደውልልሃለሁ። ከተዘጋ ወይም ከሞላ በሚቀጥለው። ትርፍ ሮድ አለኝ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ታክዊላ ጣቢያው በር ላይ ቁም፣ የፊት መብራት ያዝ። የጫማ ቁጥርህ ስንት ነው?

አዲስ ገቢ፦ 42።

የታክዊላው፦ እዚህ ዘጠኝ ማለት ነው። ያለኝ ቦት አሥራ አንድ ነው። ሁለት ወፍራም ካልሲ ደርብ። መንጠቆዎቹን እስከዚያ እልክልሃለሁ፤ ወደ ኋላ የሚመለሰውን ጥርሳቸውን በፒንሳ ጨፍልቃቸው። ከተጨፈለቀ በኋላ ጨርቅ ላይ ወግተህ ሳበው። ክር ሳይመዝ ከወጣ ደህና ነው።